ስለ አህያ ወተትና ስለ ትክትክ በሽታ

ወደ አርብ ገበያ እህል የሚያመላልስ የጋይንት ገበሬ፥ ሸክሙን ዳገቱንና ቁልቁለቱን የሚያሳልፍለት የአህያ ጀርባ ነው። አህያ እንዲህ የምትጠቅም እንስሳ ስትሆን፥ ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀና የማታመሰኳ በመሆኗ ወተቷ በክርስቲያን ቤት ለምግብ አይቀርብም። ነገር ግን በአገራችን በብዙ ስፍራ ሕፃን በትክትክ ሲታመም፥ ውርንጭላ ካላት አህያ ጥቂት ወተት ታልቦ ስለ መድኃኒት ይሰጠዋል። ይህ ልማድ ከአባቶች የተወረሰ ስለ ሆነ፥ እውነቱንና ስሕተቱን ለይቶ ማወቅ ለመምህራንና ለሽማግሎች ይገባል።

በአህያ ወተት ውስጥ ተሐዋስያንን የሚያጠፋ ኃይል መኖሩ እውነት ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፥ በእንባ፥ በንፍጥና በእንቁላል ነጭ ውስጥ ባክቴሪያ የሚያሟሟ ነገር እንዳለ ገለጠ፤ ሊሶዚም የሚባለውም ይህ ነው። ሊሶዚም በአንድ ሊትር የአህያ ወተት ውስጥ 1 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝ፥ በአንድ ሊትር የላም ወተት ግን 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ሥራውም የባክቴሪያውን የውጭ ቅጥር ማፍረስ ነው፤ ቅጥሩ የፈረሰበት ባክቴሪያም ፈንድቶ ይሞታል።

ይሁን እንጂ ባክቴሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እኩሌቶቹ በቅጥራቸው ላይ ሌላ ስብ ያለበት መሸፈኛ ደርበዋልና ሊሶዚም በቀላሉ አያገኛቸውም። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ቤልጅጋውያኑ ዡል ቦርዴና ኦክታቭ ዠንጉ ለይተው ያወጡት የትክትክ ባክቴሪያ ከነዚህ ወገን ነው። ደግሞም ይህ ባክቴሪያ የሚኖረው በትንፋሽ ቧንቧ ተጣብቆ ሲሆን፥ የተጠጣው ወተት ግን ወደ ሆድ ይወርዳል። ስለዚህ የአህያ ወተት ትክትክን አያድንም።

«ጠጥቶ የዳነ ልጅ አይተናል» የሚል ሰው ሐሰት ተናገረ አይባልም። ትክትክ በመጀመሪያ ጉንፋን መስሎ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቈያል፤ ቀጥሎ ትንፋሽ የሚያሳጥርና የሚያስመልስ ሳል ብዙ ሳምንት ያስጨንቃል፤ በመጨረሻም በብዙዎቹ ልጆች ላይ ቀስ በቀስ እየቀለለ ይሄዳል። ወተቱ የሚሰጠው ሕመሙ በበረታ ጊዜ ስለ ሆነ፥ በጊዜው የመጣው ፈውስ ለወተቱ ይቈጠርለታል። ዕድሜው 6 ወር ያልሞላ ሕፃን ግን ሳይስል ትንፋሹ ሊቋረጥ፥ ሳንባውም ሊቈስል ይችላል፤ ወተት ሲፈለግ የሚያልፈውም ቀን ሊገድለው ይችላል።

ስለ ወተቱ ንጽሕናም መናገር ያስፈልጋል። በንጽሕና የታለበ የአህያ ወተት ብዙ ጊዜ ከላም ወተት ያነሰ ባክቴሪያ ይገኝበታል። ነገር ግን ጡቷ ሳይታጠብ፥ በአቧራማ እጅና ባልጸዳ ዕቃ ከታለበ፥ ሆድን የሚያሳምሙ ተሐዋስያን ይገቡበታል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ መሸፈኛውን የደረቡ ስለ ሆኑ ሊሶዚም ብቻውን አይበቃቸውም። ስለዚህ ማናቸውም ወተት ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥ። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ምግብ አያስፈልገውም።

ትክትክን አስቀድሞ የሚከለክለው ክትባት ነው። ክትባቱም ከሌሎች አራት በሽታዎች መከላከያ ጋራ በአንድ መርፌ፥ ሕፃኑ 6፥ 10 እና 14 ሳምንት ሲሆነው ይሰጣል። የታመመ ልጅ ቢኖር ከሌሎች ሕፃናት ተለይቶ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ መድኃኒቱ በጊዜ ከተጀመረ በሽታው ወደ ሌሎች እንዳይተላለፍ ያግዳልና።

እንግዲህ መምህር ለተማሪዎቹ፥ ሽማግሌም ለጎረቤቱ ይህን ሲያስረዳ የአባቶችን ልማድ አይንቀፍ፤ አባቶች በወተቱ ውስጥ ኃይል እንዳለ ማስተዋላቸው እውነት ነበርና። ነገር ግን የአህያዋን ውርንጭላ ከመፈለግ በፊት ሕፃኑን አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ መገስገስ እንዲቀድም ይምከር።