ባትሪው ከመቀየሩ በፊት

በሲያትል ወደብ ኮንቴይነር ከሚያመላልሱት ሾፌሮች ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንም ጥቂት አይደሉም። ትራኩ የራሳቸው ለሆነ ሾፌሮች፣ ጠዋት ሞተር አልነሳ ሲል ኪሳራውም የራሳቸው ነው። ስለዚህ ቶሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል። በእኔ እምነት ግን ብዙ ጊዜ ባትሪው የሚቀጣው በኬብሉ ጥፋት ነው። አገር ቤት ያሉት ከባድ መኪኖች በአብዛኛው በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ የአሜሪካ ትራክ ግን ባለ12 ነው። አራት ባትሪ ቢሸከም እንኳ ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ ቮልቱ አይጨምርም። ያንኑ ኃይል ለማድረስ እጥፍ አምፒር በገመዱ ማለፍ አለበት፤ አገር ቤት ችላ የሚባል ዝገት እዚህ የሚያስቸግረውም በዚህ ምክንያት ነው። የአንድ ኦም መቶኛ ያህል የሚያግድ የላላ ማሰሪያ፣ 100 አምፒር ሲያልፍበት 1 ቮልት ይበላል። ዲናሞው 14.2 ቢያመነጭ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.2 ነው። እርግጥ ባትሪው እየሞላ አምፒሩ ሲቀንስ ብክነቱም ይቀንሳል፤ ወደብ ተሰልፎ ሞተር እያጠፋ እያስነሳ የሚውል ትራክ ግን ያን ያህል ጊዜ አያገኝም። ሳይሞላ የሚከርም ባትሪ ውስጥ ደግሞ ሰልፌት ይጠጥርና አቅሙን ይበላዋል። የሲያትል ዝናብና በስኖኳልሚ የተራራ መተላለፊያ በብርዱ ወራት የሚበተነው ጨው ዝገቱን ያፋጥኑታል።

ምርመራው ረጅም አይደለም። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱና የማሞቂያው ፋን በርተው፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ የዲናሞውን ፖዘቲቭ፣ ሌላው የባትሪውን ፖዘቲቭ ይነካል፤ ቀጥሎ የዲናሞው አካልና የባትሪው ኔጋቲቭ በተመሳሳይ መንገድ ይለካሉ። የሁለቱ ድምር ከግማሽ ቮልት ካለፈ መፈተሽ ያለበት ኬብሉ፣ ማሰሪያውና ማሳው (የኔጋቲቩ መስመር) ነው። «ዳሽቦርዱ 14 ያሳያል» የሚል አይጠፋም፤ ያ ቁጥር ግን የተወሰደው ከሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ባትሪው ጫፍ ላይ ያለውን አይናገርም። «ባትሪ ቀየርኩ፣ ተስተካከለ» የሚለው ይበልጥ ያሳምናል። ሆኖም አዲስ ባትሪ ተሞልቶ ስለሚመጣ ጥፋቱን ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ የተበላሸው መስመር እስካልተነካ ድረስ እሱም ቀስ በቀስ ይዳከማል።

ባትሪው ራሱ የሞተበት ጊዜም አለ። ይህን ለመለየት አራቱን ፈትቶ፣ ለሰዓታት አሳርፎ እያንዳንዱን ለብቻ መለካት ይገባል፦ 12.6 ቮልት ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። የሞላውም በጭነት ይፈተን፤ ቮልት ይዞ ሞተሪኖ ማዞር የሚያቅተው አለና። አንዱ ውስጡ ከተበላሸ ሦስቱን ይጎትታል፤ አዲስ ከአሮጌ ጋር ሲታሰር ስለሚጎዳም አራቱን አብሮ መቀየር ይመከራል። የአራት ባትሪ ዋጋ ሲታሰብ ቴስተሩ ላይ የሚጠፉት ደቂቃዎች ውድ አይደሉም።