«ዓይኑ ልክ አይደለም»፦ የሥዕል ሂስ እንዴት ይሠራል?

አንዲት ጀማሪ የአያቷን ፊት በእርሳስ ሥላ፣ ፎቶ አንሥታ፣ ሥዕል ለሚወዱ ሰዎች ላከችው እንበል። የሚደርሳት መልስ አብዛኛው «እጅሽ ይባረክ»፣ «በርቺ» ነው። ምርቃት ደግ ነገር ነው፤ ቀጥላ ምን ማድረግ እንዳለባት ግን አይነግራትም። መሀል ላይ አንዱ ደፈር ብሎ «ዓይኑ ልክ አይደለም» ይላል። ሂስ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚሁ ነው።

ልጅቷ ላጲሷን ታነሣለች። ዓይኑን አጥፍታ እንደገና ትሥላለች፤ ሽፋሽፍቱን ታሳምራለች፤ ብሌኑ ላይ ብርሃን ትጨምራለች። ዓይኑ ያምራል፣ ፊቱ ግን አሁንም አያሳምንም። ችግሩ የዓይኑ አሣሣል ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነዋ! የአዋቂ ሰው ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ቁመት መሀል አካባቢ ነው። ጀማሪ ሐሳቡ ሁሉ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ላይ ስለሆነ ለግንባርና ለፀጉር ቦታ ይነፍጋል፤ ዓይኑንም ወደ ላይ ይሰቅለዋል። በሽተኛ ያመመውን ቦታ እንደሚያሳይ ተመልካችም የከነከነውን ቦታ ይጠቁማል፤ መንሥኤው ግን ሌላ ጋ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው «ዓይኑን አስተካክዪው» ከሚል ትእዛዝ ይልቅ «ግንባሩ አጠረብኝ፣ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ያዘኝ» የሚል ቃል የሚጠቅመው።

ሠዓሊዋ ራሷ ለምን አላየችውም? ብዙ ስላፈጠጠችበት ዓይኗ ለመደው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት ሠዓልያን ሥራቸውን በመስታወት እንዲያዩ መክሮ ነበር። ግራው ቀኝ ሲሆን ሥዕሉ የሌላ ሰው ይመስላል፤ መዛባቱም ይጎላል። ዛሬ ፎቶውን ስልክ ላይ መገልበጥ ያንኑ ይሠራል። ስልክ ግን የራሱንም ጥፋት ይጨምራል፦ በጣም ተጠግቶ ወይም አዘንብሎ ያነሣው ፎቶ ቅርጽ ያዛባል፣ የቤት አምፖልም ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። ከመናገር በፊት ጥፋቱ የሥዕሉ ይሁን የፎቶው መጠየቅ ያዋጣል።

ደግሞ «ዓይኑ ትልቅ ሆነ» የሚለው አስተያየት ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቢሰጥ ከንቱ ነው። በኢትዮጵያ ጥንታዊ አሣሣል ትልልቅ ዓይኖች ሆን ተብለው የሚሠሩ ናቸው፤ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች አብዛኛውን ጊዜ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሠዓሊው ምን እንደፈለገ ሳያውቁ ስሕተቱን መቁጠር አይቻልም።

አሜሪካዊቷ የዳንስ ቅንብር ባለሙያ (ኮሪዮግራፈር) ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1990 የቀየሰችው የሂስ ዘዴ ፍርድን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው ለዚህ ይመስለኛል። ዘዴው 4 ደረጃ አለው። መጀመሪያ ተመልካቾች ከሥራው የነካቸውን ይናገራሉ፤ ቀጥሎ ሠዓሊው ይጠይቃል፤ ከዚያ ተመልካቾች ፍርድ የሌለበት ጥያቄ ያቀርባሉ፤ አስተያየት የሚመጣው በመጨረሻ፣ ያውም ሠዓሊው ከፈቀደ ነው። ከባዱ ሦስተኛው ነው። «ለምን እንዲህ አጨለምሽው?» የጥያቄ ልብስ የለበሰ ወቀሳ ነው። «ብርሃኑ ከየት በኩል ነው የሚመጣው?» ግን ጥያቄ ነው፤ ሠዓሊዋ መልስ ስትፈልግ ጥላው ከብርሃኑ ጋር እንዳልተስማማ ራሷ ልትደርስበት ትችላለች። አራተኛው ለእኛ አዲስ አይደለም፤ «ቅር ካላለሽ አንድ ነገር ልበል?» ማለት ይሉኝታ ካስተማረን ነገር ሁሉ ሳይሻል አይቀርም። በሰው ሥዕል ላይ ማረሚያ መሥመር ማስመርም ያው ፈቃድ ይፈልጋል።

ተቀባዩስ? ወዲያው መከላከል አያዋጣም፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አጠገቡ ቆሞ የሚያብራራለት የለም። ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየሰጡ አንድ ቦታ ላይ ከጠቆሙ፣ መድኃኒቶቹን ሁሉ ትቶ ቦታውን መመርመር ነው። የአንድ ሰው ምርጫ ብቻ ከሆነ ግን አመስግኖ ማለፍ ይቻላል፤ ውሳኔው የሠዓሊው ነው።

እርስዎም በሚቀጥለው ጊዜ ሥዕል ሲልኩ «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «ቆንጆ ነው» ይሆናል። «ፊቱ ከጀርባው ተለይቶ ይታያል? ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ?» ብለው ይጻፉ።