ስልኩን የምታነሳው ነርስ

ወዳጆቼ፣ «ታካሚን ያማከለ የቡድን ሕክምና» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለጠየቃችሁኝ መልሴ አንኮሬጅ፣ አላስካ ነው። እዚያ ሳውዝሴንትራል ፋውንዴሽን የሚባል የጤና ተቋም አለ፤ የሚያስተዳድሩት የአላስካ ነባር ሕዝቦች ራሳቸው ናቸው። ሥርዓታቸውን «ኑካ» ይሉታል። ሐኪምና ታካሚን እንዲህ ያቀራረበ አሠራር አንብቤ አላውቅም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሕክምናውን የሚመራው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነበር። ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ይፈጃል፤ መጠበቅ ያልቻለ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ለሰዓታት ተራ ይይዛል። በመጣ ቁጥር የሚያየው ሐኪም ሌላ ስለሆነ የሕመሙን ታሪክ ሁሌም ከሀ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አስተዳደሩ ወደ ነባሮቹ እጅ ሲገባ፣ ምን እንደሚፈልግ ሕዝቡን ጠየቁት። ሰዉ የፈለገው የሚያውቀውን ሐኪም ነበር፤ ደግሞም በታመመበት ቀን መታየትን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቡድን ይመርጣል። መሠረቱ አራት ሰው ነው፦ ሐኪም፣ ጉዳዩን የምትከታተል ነርስ፣ የሕክምና ረዳት፣ ቀጠሮና ወረቀት የሚያስተካክል ሠራተኛ። የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያና ፋርማሲስትም አጠገባቸው አሉ። ሐኪሙ የራሱ ቢሮ የለውም፤ ሁሉም ጎን ለጎን በአንድ ክፍት ክፍል ይሠራሉ።

ስኳር ያለባቸውን አንዲት እናት አስቡ። ጠዋት ሲለኩ ስኳራቸው ከፍ ብሏል። በለመድነው አሠራር ቢሆን ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ከሥራ ይቀራሉ፣ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ለጥቂት ደቂቃ አይቷቸው መድኃኒት ይጽፋል። እዚህ ግን ይደውላሉ፤ ስልኩን የምታነሳው የምታውቃቸው ነርስ ናት። ምን እንደበሉ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስደው እንደሆነ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ እንዳላቸው ትጠይቃቸዋለች። የመድኃኒቱን መጠን መለወጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ዞር ብላ አጠገቧ የተቀመጠውን ሐኪም ታማክራለች። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ በስልክ ያልቃል። መምጣት ካለባቸው በዚያው ቀን ይመጣሉ። እያወሩ ሳለ ሐዘን ላይ መሆናቸው ከታወቀ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያው ወዲያው ወደ ክፍሉ ይገባል፤ «ሌላ ሕንፃ ሂዱ፣ ሌላ ካርድ አውጡ» የሚላቸው የለም። የምርመራ አልጋ የሌለባቸው፣ ለወግ ብቻ የተሠሩ ክፍሎችም አሉ፤ ሰው ልብሱን ሳያወልቅ፣ ከሐኪሙ ጋር እኩል ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነጋገራል። ይህቺን ልብ በሉልኝ፤ ለኔ ከማሽን ሁሉ ትበልጣለች።

ስለዚህ ምሥጢሩ የባለሙያው ብዛት አይመስለኝም። ሐኪም ብቻ ሊሠራው የሚገባውን ለሐኪሙ ትተው ሌላውን መከፋፈላቸው፣ የተከፋፈሉትም ሰዎች ለዓመታት አለመለዋወጣቸው ነው። ሥርዓቱ ከተተከለ ወዲህ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሮጠውና ሆስፒታል የሚተኛው ሰው በእጅጉ ቀንሷል። ተቋሙም የአሜሪካን ብሔራዊ የጥራት ሽልማት፣ ባልድሪጅን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2017 ሁለት ጊዜ ወስዷል። ለብዙ ዓመታት የመሩት ካትሪን ጎትሊብ ተቋሙን የተቀላቀሉት እንግዳ ተቀባይ ሆነው ነበር፤ ታካሚ ደጃፍ ላይ ምን እንደሚገጥመው ከማንም በላይ ያውቁት ነበር ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ ይህ መልካም ነገር ለምን በየቦታው የለም? ትልቁ እንቅፋት ክፍያው ነው። በብዙው የአሜሪካ ሕክምና ለክሊኒኩ ገንዘብ የሚገባው ታካሚው በአካል ሲመጣ ነው። ያቺ ነርስ በስልክ የፈታችው ችግር ታካሚዋን ከብዙ ድካም ያድናል፤ ለክሊኒኩ ግን ብዙም የሚያስገባው ነገር የለም። በታካሚ ቁጥር ልክ አስቀድሞ የሚከፈል በጀት ያለው ተቋም ግን ስልኩን በደስታ ያነሳል። የአከፋፈሉን ነገር ሳይነኩ ቡድን ማቋቋም ሐኪሙን ከማድከም በቀር ትርፍ ያለው አይመስለኝም።

እንደዚያም ሆኖ፣ አሜሪካ ለምትኖሩት፣ ይህን የቡድን አሠራር እንከተላለን የሚሉ ክሊኒኮች ብዙ ናቸው። ስትመዘገቡ «የኔን ጉዳይ የምትከታተለው ነርስ ማን ናት? በቀጥታ የማገኛትስ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም ከነገሯችሁ ጥሩ ምልክት ነው። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት የአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልን በሉ። ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ሲያስተረጉም ወላጆቻችን የሚደብቁት ብዙ ሕመም አለ፤ ነርሷ ደግሞ መስማት ያለባት በተለይ እሱን ነው።