ባላስቱን በውስጡ የያዘ ከፍተኛ ግፊት ሶዲየም መብራት

ባላስቱን በውስጡ የያዘ ከፍተኛ ግፊት ሶዲየም መብራት በሶዲየም ትነት ውስጥ በሚያልፍ ከረንት የሚበራና ያለ ውጫዊ ባላስት በቀጥታ ከ220 ቮልት መስመር ጋር እንዲገናኝ የታሰበ አምፖል ነው። የሶዲየም መብራትን ቆጣቢ ያደረጉት ባሕርያት ራሳቸው ይህን አምፖል ለመሥራት አስቸጋሪ ያደርጉታል። በዚህም ምክንያት የተለመደው የሶዲየም መብራት ባላስቱ ለብቻው ይገጠምለታል።

የሶዲየም መብራት አሠራር

በአዲስ አበባ አውራ መንገዶች ለዓመታት የታየው ብርቱካናማ ብርሃን ከከፍተኛ ግፊት ሶዲየም መብራት የሚወጣ ነው። መብራቱ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ትኩስ ሶዲየም ተራ መስታወትንም ሆነ ኳርትዝን ስለሚያጠቃ፣ የውስጥ ቱቦው ከአልሙና ሴራሚክ ይሠራል። በቱቦው ውስጥ ሶዲየም፣ ባዜቃ (ሜርኩሪ) እና ጥቂት የዜኖን ጋዝ ይገኛሉ። ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ይሰጣል።

ጋዙ አንዴ ከረንት ማሳለፍ ከጀመረ ከረንቱ በጨመረ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። የሚገድበው ነገር ከሌለ መብራቱ በቅጽበት ይበላሻል። ይህን ገደብ የሚያበጀው ባላስት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በብረት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ለማስነሳት ደግሞ ኢግናይተር የተባለው ክፍል ከ2,000 እስከ 4,500 ቮልት የሚደርስ ቅጽበታዊ ምት ይሰጣል።

የሐሳቡ መነሻ

በባዜቃ መብራት ሐሳቡ ተሳክቷል። በአንድ አምፖል ውስጥ የታንግስተን ክር ከባዜቃው ቱቦ ጋር በተከታታይ ይገናኛል፤ ክሩ ከረንቱን ይገድባል፣ ራሱም ያበራል። አምፖሉ እንደ ተራ አምፖል በሶኬት ይጠመዘዛል። ነገር ግን ከአንድ ዋት የሚያወጣው 20 ሉመን ገደማ ብቻ ነው።

ቴክኒካዊ ችግሮች

የኃይል ብክነት፦ በሶዲየሙ ቱቦ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ 100 ገደማ ነው። ቀሪው 120 ቮልት በክሩ ላይ ስለሚያርፍ ከግማሽ የሚበልጠው ኃይል እዚያ ይቀራል።

የቫኪዩም ተቃርኖ፦ የሶዲየም ቱቦ ሙቀቱን እንዲይዝ በዙሪያው ያለው አየር ወጥቶ ቫኪዩም ይሆናል። የጋለ የታንግስተን ክር ግን በቫኪዩም ውስጥ ቶሎ ይተንና መስታወቱን ያጠቁራል። ጋዝ ቢሞላ ክሩ ይጠበቃል፣ ቱቦው ግን ይቀዘቅዛል።

የአነሳስ ጫና፦ መብራቱ ገና ሲነሳ የቱቦው ቮልቴጅ ዝቅተኛ ስለሆነ መስመሩ ያለው ቮልቴጅ ሁሉ ማለት ይቻላል በክሩ ላይ ያርፋል። ይህም ዕድሜውን ያሳጥራል።

እርጅናና የመስመር መዋዠቅ፦ ሶዲየም መብራት ሲያረጅ የቱቦው ቮልቴጅ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ለክሩ የሚተርፈው ያንሳል። በዚህ ላይ የመስመሩ ቮልቴጅ ዝቅ ካለ መብራቱ ይጠፋል። ትኩስ ቱቦ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በተለመደው ምት ተመልሶ አይነሳም፤ መንገዱም ለደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ በጨለማ ይቆያል።

ከፍታ፦ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የጉለሌው ዊንጌት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚሠሩበት የክፍተት መለኪያ ግን እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ የታሰበ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል፣ አየሩም ሙቀትን በሚገባ አይወስድም። ስለዚህ ኢግናይተሩም ባላስቱም በጠባብ አምፖል ውስጥ ቢታጨቁ ችግሩ በእንዲህ ያለ ሠፈር ይጠነክራል።

የተወሰዱ አማራጮች

አንዳንድ አምራቾች በባዜቃ መብራት ባላስት ላይ ያለ ኢግናይተር የሚነሳ የሶዲየም አምፖል ሠርተዋል። በውስጡ የኒዮንና የአርጎን ቅልቅል ስላለ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይነሳል፤ ባላስት ግን ያስፈልገዋል።

ባላስትን በአምፖል ውስጥ የማካተት ሐሳብ በሰፊው የተሳካው በኤሌክትሮኒክስ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በተራ አምፖል ልዋጭ ለደንበኞች ያደላቸው ኃይል ቆጣቢ ፍሎረሰንት አምፖሎች ባላስታቸውን በውስጣቸው የያዙ ነበሩ። የኤል.ኢ.ዲ. አምፖልም ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል።

ጥንቃቄ

ባላስቱን የያዘ የባዜቃ አምፖልና ተራ የሶዲየም አምፖል አንድ ዓይነት ባለ ጥርስ እግር (ኢ40) ሊኖራቸው ይችላል። ባላስት በሌለው ሶኬት ላይ የተገጠመ የሶዲየም አምፖል ወይ አይነሳም፣ ወይም ከተነሳ ከረንቱን የሚገድብ ስለሌለ ሊፈነዳ ይችላል። አምፖል ከመቀየር በፊት በሶኬቱ ላይ ባላስትና ኢግናይተር መኖራቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።