በሐረና ጅረቶች ዳር የሚደረግ ፍለጋ

እንሽላሊት መሰሉ ሳላማንደር ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ አይገኝም። ስለዚህ በባሌ፣ በሐረና ደን ጅረቶች ዳር ድንጋይ እያነሡ የሚመራመሩ ባለሙያዎች የሚፈልጉት እንቁራሪትን ነው። ከእነዚህም አንዷ በ1991 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የተመዘገበችውና ከባሌ ተራሮች በቀር በየትም የማትገኘው ትንሽ እንቁራሪት ናት።

የእንቁራሪት ቆዳ ስስ ነው፤ አየርንም ውኃንም ያሳልፋል። ደን ሲመነጠርና ከብት የጅረቱን ዳር ሲረግጥ ውኃው በደለል ይደፈርሳል፤ ቶሎ ከሚጎዱትም አንዷ እርሷ ናት።

ፈላጊውም ያነሣውን ድንጋይ በነበረበት ሊመልስ፣ ወደ ሌላ ጅረት ከመሻገሩ በፊትም ጫማውን አጥቦ ሊያደርቅ ይገባዋል፤ የእንቁራሪት በሽታ በእርጥብ ጭቃ ይተላለፋልና።

የእንቁራሪቷን ጅረት መጠበቅ፣ ከተራራው በታች ያለው ሕዝብ የሚጠጣውን ውኃ መጠበቅ ነው።