ቄብ ገዝቶ ቆጥ ፍለጋ

አምስቱ ቄቦች የመጡት በሳሙና ካርቶን ነው። ካርቶኑ ጎንና ጎኑ በቢላ ተበስቶ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ሥር ተወሽቆ። ግቢ ደርሼ ሲባጎውን ስፈታው አንዷም ዘላ አልወጣችም። አንገታቸውን አስግገው ሽቅብ ሰማዩን ያዩ ጀመር። አርባ አምስት ቀን ሙሉ ያደጉት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሰማይ የት ያውቃሉ? እኔም ብሆን ማደሪያ እንደሚያስፈልጋቸው ትዝ ያለኝ ገና ያኔ ነበር።

ለዶሮ ተብሎ ቤት ሲሠራ አይተን ስላላደግን አይፈረድብንም። የሀገር ዶሮ ሲመሽ ማዕድ ቤት ገብታ ቆጧ ላይ ትወጣለች፤ ሲነጋ ጓሮውን ስትጭር ትውላለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ ገና ጥላውን አይታ አጥር ሥር ትሸጎጣለች። የምትሰጠውም በዚያው ልክ ነው፤ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል፣ እሱንም በየመሀሉ ልታቀፍ እያለች። አሁን በየሰፈሩ የምትገባው ሌላ ናት። የፈረንሳይዋ ሳሶ፣ የሆላንዷ ቦቫንስ ብራውን፣ የደቡብ አፍሪካዋ ባለ ዥንጉርጉር ላባ ኮይኮክ አሉ። በተለይ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ የ45 ቀን ቄብ ያልገባበት ሰፈር ያለ አይመስልም። ቦቫንስ በወጉ ከተያዘች በዓመት ወደ 300 እንቁላል ትጥላለች። ጉልበቷ ሁሉ ወደ እንቁላል እንዲሄድ ተመርጣ የተዳቀለች ናት፤ ራሷን ማስተዳደር ግን አልተማረችም። ጭልፊት ሲመጣ ቆማ ታየዋለች። አዲሷን ዶሮ በድሮው ወግ እንያዝ ስንል ነው የምንከስረው።

የመጀመሪያ ማደሪያቸው ማገዶ የማስቀምጥበት ክፍል ሆነ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠችው አዲስ አበባ በኅዳር ሌሊት እንዴት እንደምታንዘፈዝፍ የታወቀ ነው። አሳዘኑኝና መስኮቷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቅኳት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ዓይኔን ለበለበኝ። አንደኛዋ ቄብ አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። ጎረቤቴ ያሉ እናት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣

«ምነው ልጄ፣ አፈንካቸው እኮ!» አሉኝ።

«ብርዱን ፈርቼ ነው እማማ።»

«ላባ ለብሳ ምን ብርድ አለባት? እርጥበቱን ፍራላት።»

እውነታቸውን ነበር። ዶሮ የምትተነፍሰው እርጥበት ያለው አየር ነው፤ ኩሷም እርጥብ ነው። እርጥበቱ መውጫ ካጣ ከኩሱ አሞኒያ ይወጣና ዓይንና ሳንባ ይፈጃል። ቤቱ ደህና መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማለዳ በሩን ከፍቶ፣ በርከክ ብሎ፣ በዶሮዋ ቁመት አንዴ ማሽተት ነው። አፍንጫ ከቆጠቆጠ አየር ይጎድላል።

በማግስቱ አናጢ ጠርቼ የሠራነው ቤት ቁመናው ቀላል ነው። ለአምስት ዶሮ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ይበቃል፤ በሜትር ካሬ ሦስት ወይም አራት ዶሮ ማለት ነው፣ ቀን ወጥተው የሚውሉበት ሜዳ ካላቸው። የግድግዳው የታችኛው ግማሽ ጣውላ፣ የላይኛው ግማሽ ሽቦ ነው፤ ነፋሱ ከራሳቸው በላይ ያልፋል እንጂ አይመታቸውም። በሩን ወደ ምሥራቅ አድርገነዋል፣ የጠዋት ፀሐይ ወለሉን እንዲያደርቅ። ቆርቆሮው ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ያህል ወጣ ይላል፤ ይህች ሁለት ስንዝር ሐምሌ ላይ ዋጋዋ ይታወቃል። ሽቦ ላይ መቆጠብ ግን አያዋጣም። ያ ሰፋፊ ዓይን ያለው ስስ ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ይይዛታል እንጂ ሸለምጥማጥን እንዳይገባ አያግደውም። ጣት የማያሾልክ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ይሁን፤ ከሥሩም አንድ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ይቀበር፣ ምሶ የሚገባ አለና።

ወለሉ ላይ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይጎዘጎዛል። በየጊዜው መገልበጥ፣ የረጠበውን ወዲያው ማውጣት ነው። የወጣውን ጓሮ ጥግ ከምሮ ጥቂት ወራት ማሳደር ይሻላል፤ ትኩሱን ጎመን ሥር ያደረገ ሰው ጎመኑን አቃጥሎታል። ጥግ ላይ ደግሞ አሮጌ ሳፋ ሙሉ አመድና ደረቅ አፈር ይቀመጥላቸው። ዶሮ የምትታጠበው በአቧራ ነው፤ ቅንቅኗን የምታራግፈውም በዚያው ነው።

አሁን ቆጡ። የባሕር ዛፍ አጣና ልጦ፣ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲሜትር ያህል ቦታ አስቦ፣ ከእንቁላል መጣያው ሳጥን ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። ሳጥኑ ከቆጡ ከበለጠ እዚያው ያድሩና ኩሳቸውን እንቁላሉ ላይ ያደርጉታል። የእኔዎቹ ግን ቆጥ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ሲመሽ ጥግ ይዘው አንዷ በአንዷ ላይ ይከመራሉ። ስድስት ምሽት ሙሉ አንድ በአንድ እያነሣሁ አጣናው ላይ አስቀመጥኳቸው። ጥፍራቸው እንጨቱን ሲጨብጥ ይሰማኛል፤ ትንሽ ይወዛወዙና ዝም ይላሉ። በሰባተኛው ምሽት አራቱ ራሳቸው ወጡ። አምስተኛዋ፣ ያቺ ዓይኗ አብጦ የነበረችው፣ ሌላ ሦስት ቀን አስለፋችኝ።

በዚያ ሳምንት በሩ ቀንም አልተከፈተም። አዲስ ዶሮ ወዲያው ከተለቀቀች ቤቷ የት እንደሆነ አታውቅም፤ ሲመሽ የጎረቤት ዛፍ ላይ ነው የምትገኘው። ሳምንት ዘግቶ አቆይቶ፣ መጀመሪያ የሚለቀቁት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። ራቅ ሳይሉ ይመሽባቸዋል፤ ይመለሳሉ። ቀድሞ ዶሮ ያለው ሰው ደግሞ አዲሶቹን ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻ ያቆያቸው፣ በሽታ ይዘው እንደሆነ እስኪታይ።

በሽታ ካልን ፈንግል ይቀድማል። አንገት ይጠመዘዛል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይወርዳል፣ በቀናት ውስጥ ቆጡ ባዶ ይቀራል። መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። ሲገዙ የትኛውን ክትባት መቼ እንደወሰዱ መጠየቅ፣ ቀጣዩንም ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም መረዳት ያስፈልጋል። በውሃ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ነውና ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ይገድለዋል። ለአንድ ሁለት ሰዓት ከውሃ ከልክሎ አስጠምቶ፣ በንጹሕ የጉድጓድ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ማጠጣት ነው። አንዱ ብልቃጥ ለመቶዎች የሚበቃ በመሆኑ ለአምስት ዶሮ መክፈቱ ያሳሳል። እኛ ሰፈር ባለ ዶሮዎቹ ተጠራርተን በአንድ ጠዋት እንጨርሰዋለን፤ ቡናውም እዚያው ይፈላል።

መኖው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቸኩሎ ነው። ለቄብ የእንቁላል ጣይ መኖ መስጠት እንቁላሉን አያፈጥነውም፤ ውስጡ ያለው ብዙ ካልሲየም ገና ያልደረሰችውን ኩላሊቷን ይጎዳዋል እንጂ። እስከ 17 ወይም 18 ሳምንት የቄብ መኖ፣ ከዚያ የጣይ። ስትጥል በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ አምስቱ በወር 18 ኪሎ ገደማ ይጨርሳሉ። ረከሰ ተብሎ ብዙ ቢገዛ በቆሎውና ፋጉሎው ይሻግታል፤ የሻገተ መኖ ደግሞ መርዝ ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ ችግር የለውም። ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊ፣ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ግን ለዶሮ አይሰጥም። ውሃ የምትጠጣው ከመኖዋ እጥፍ ያህል ነው፤ አንድ ቀን ከተጠማች እንቁላሉ ይቋረጣል።

አውራ ዶሮ ያስፈልጋል ወይ ብሎ የማይጠይቅ እንግዳ የለም። ጫጩት ካልፈለጉ አያስፈልግም፤ ያለ አውራም ትጥላለች። አንድ እንቁላል ሆዷ ውስጥ ተሠርቶ ለመውጣት 25 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያረፈደች ሄዳ አንድ ቀን ትዘላለች። «ዶሮዬ አቆመች» የሚለው ስሞታ አብዛኛውን ጊዜ ይሄው ነው።

መጋቢት ገብቶ አንድ ቀን ማታ ቆጥ ልቆጥር ስገባ፣ ያቺ ባለ ዓይኗ በአጠገቤ ስታልፍ እጄን ዘረጋሁ። እንደ ሌላ ቀን አልሸሸችም። ክንፏን ገለጥ አድርጋ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። ቄብ እንዲህ ካደረገች ደርሳለች ማለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ንጹሕ ጭድ ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን ከጭዱ መሀል ሎሚ የምታክል፣ ገና ያልበረደች እንቁላል አገኘሁ። ሁዳዴ ገና አልተጋመሰም ነበር። ሳላጥብ፣ ሹል ጫፏን ወደታች አድርጌ፣ ቀዝቃዛው ጓዳ ሙዳይ ውስጥ አስቀመጥኳትና ቀኗን በእርሳስ ጻፍኩባት።