አበባው የት ገባ?

ከአርባ ምንጭ ተነስቶ፣ ዶርዜን አልፎ ወደ ጨንቻ ለሚወጣ መንገደኛ አፕል ብርቅ አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሚስዮናውያን እጅ ወደ ጋሞ ደጋ የገባው ዛፍ ዛሬ ከእንሰቱ ጋር ጓሮ ተጋርቶ ይኖራል፤ ገብስና ድንች ያልሸፈኑትንም ወጪ ይሸፍናል። የሚገርመው ግን ለረጅም ጊዜ ዋናው ገቢ የመጣው ከፍሬው ሳይሆን ከችግኙ መሆኑ ነው። የጨንቻ ችግኝ በመኪና ተጭኖ ወደ ሌሎች ደጋማ ወረዳዎች ሄዷል፣ በየጓሮው ተተክሏል። ከዓመታት በኋላም ባለጓሮው ዛፉ ሥር ቆሞ ይጠይቃል፦ «እንዲህ አብቦ አልነበረም እንዴ? አበባው የት ገባ?»

አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሱት አፈሩ፣ ውርጩ ወይም ችግኝ ሻጩ ናቸው። ሁሉም አልፎ አልፎ ጥፋተኛ ይሆናሉ። በእኔ እምነት ግን ችግሩ የሚጀምረው ከአቆጣጠራችን ነው። በየሪፖርቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ እንጂ አጠገቡ ማን እንደተተከለ፣ አበባውንም ማን እንደሚጎበኘው አይጻፍም።

አፕል በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ የሌላ ዝርያ ብናኝ ይፈልጋል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ አባዛዙ ነው። የአንድ ዝርያ ዛፎች ሁሉ ከአንድ ዛፍ በተቆረጠ ቅርንጫፍ በግራፍት (ቅርንጫፉን ሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅ) የተባዙ በመሆናቸው፣ መቶ ሬድ ዴሊሽየስ ቢደረደር ለዚህ ጉዳይ ያው አንድ ዛፍ ነው። ጨንቻ ላይ ከሚታወቁት ዝርያዎች መካከል ክሪስፒንና ጆናጎሬድ ደግሞ ብናኛቸው ደካማ ነው። ከሌላው ይቀበላሉ እንጂ ለሌላው የሚሰጡት የላቸውም። አንድ ክሪስፒን ከአንድ ሬድ ዴሊሽየስ ጋር የተከለ ሰው ሁለት ዝርያ አለኝ ብሎ ቢተማመንም፣ ሬድ ዴሊሽየሱ ሳያገባ ይቀራል። ሦስተኛ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ አብሮ ማበብ አለበት። አፕል የክረምት ብርድ ያለበት አገር ዛፍ ነው። የቆዩት ዝርያዎች ከእንቅልፋቸው በወጉ እንዲነቁ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። የኛ ደጋ ሌሊቱ ይቆረቁራል እንጂ ቀኑን ሙሉ በረዶ የሚጋግር ወራት የለውም። ስለዚህ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ገና ተኝቶ ይቆያል፤ በአንድ ዛፍ ላይ አበባና ፍሬ አብረው የሚታዩበትም ጊዜ አለ። አይን ይማርካል፣ ለምርት ግን ኪሳራ ነው። እስራኤል ውስጥ በኤን ሼመር ኪቡትዝ የተገኘው አና የተባለው ዝርያ ከ300 ሰዓት በታች የሆነ ቅዝቃዜ የሚበቃው መሆኑ ለሞቃት አገሮች ትልቅ እፎይታ ነበር። የተለመደ አጋሩም ከባሃማስ የመጣው ዶርሴት ጎልደን ነው፤ ሁለቱ ተቀራርበው ያብባሉ። በኢንዶኔዥያዋ ባቱ ደግሞ ገበሬዎች ምርት ከለቀሙ በኋላ የዛፉን ቅጠል በእጃቸው አራግፈው በግድ ያነቁታል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን ማሳው ሁሉ ባንድ ጊዜ ያብባል።

እንግዲህ ዛፎቹ ተስማምተው አበቡ እንበል። የአፕል ብናኝ ከባድና የሚያጣብቅ ስለሆነ ነፋስ እምብዛም አያጓጉዘውም። የሚያጓጉዙት ነፍሳት ናቸው፤ በተለይም ንብ። የኢትዮጵያ ደጋ ንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁንና የማር ንብ፣ የየትም አገር ትሁን፣ አየሩ 12 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ ከቀፎ መውጣት ትሰንፋለች። ጭጋግ እስከ ረፋዱ በሚተኛበት ቦታ የሥራ ሰዓቷ አጭር ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህን ክፍተት የምትሸፍነው ባምብልቢ የተባለችው፣ በብርድ የማትበገር ጸጉራም ንብ ናት፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን ተፈጥሮ ባምብልቢን አልሰጠችንም። ያሉን በግንድና በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ብቸኛ ንቦች፣ እንዲሁም ማሯ ለመድኃኒት እየተፈለገ ጎጆዋ የሚቆፈርባት ጣዝማ ናቸው።

ንቧ ብትመጣም ሥራዋን ትሠራለች ማለት አይደለም። ሬድ ዴሊሽየስ አበባ ላይ ያረፈችን ንብ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። የብናኝ ዘንጎቹ ሥራቸው ላይ ክፍተት ስላላቸው፣ ብልጧ ንብ ከላይ መግባቱን ትታ በጎን ከአበባው ቅጠል ላይ ትቆማለች፤ ምላሷን በክፍተቱ ሰድዳ ጣፋጩን መጥጣ ብናኙን ሳትነካ ትሄዳለች። ገበሬው ንብ ሲርመሰመስ አይቶ ደስ ይለዋል። ብናኝ ልትሰበስብ የመጣችው ንብ ግን መሃሉ ላይ ተንከባላ፣ አቧራ ለብሳ ነው የምትነሳው።

ውጤቱ በቢላዋ ይታያል። አንድ አፕል በወርዱ ሲቆረጥ አምስት ክፍል ያለው ኮከብ ይወጣል፤ በየክፍሉ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አሥር ያህል ዘር ሊይዝ ይችላል። ሥጋውን እንዲያድግ የሚያዘው ዘሩ ነው። በአንድ ወገን ዘር ከሌለ ያ ወገን ይሰለስላል፣ ፍሬውም ይጣመማል። ገበያ ላይ «ቅርጸ ቢስ» ተብሎ ዋጋው የሚሰበረው አፕል ብዙ ጊዜ ሳይጎበኝ የቀረ አበባ ነው። ዘሩ ሲያንስ ደግሞ ፍሬው ገና ለጋ ሳለ ይረግፋል። ደግነቱ ሁሉም አበባ ፍሬ መሆን የለበትም፤ ከ100 አበባ 5 እስከ 10 ያህሉ ቢይዝ ዛፉ ሙሉ ምርት ሰጠ ይባላል።

ንብ ለፍሬው ይህን ያህል ብታስፈልግም፣ ያገራችን ቀፎ የሚለካው በማሩ ነው። በህንዷ ሂማቻል ፕራዴሽ የአፕል አምራቾች በአበባ ሰሞን ቀፎ ይከራያሉ፤ ንብ አናቢው በማሩም በኪራዩም ያገኛል። እኛ ዘንድ ግን ባለቀፎው አፕል አምራቹን የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ ፀረ ተባይ የተረጨ ቀን ነው፤ ጠዋት በአበባ ላይ ተረጭቶ ማታ ቀፎው ደጃፍ ላይ የሞተ ንብ የሚጠርገው እሱ ነውና። በዚህ ጠብ ምን ሊመጣ እንደሚችል የቻይናዋ ሲቹዋን ክፍለ ሀገር አይታለች። በማኦሺየን ንብ አናቢዎች ርጭቱን ፈርተው ቀፏቸውን ማምጣት ተዉ፤ ገበሬዎች የዶሮ ላባና የሲጋራ ፊልተር በእንጨት ላይ አስረው ዛፍ ላይ ወጥተው አበባውን አንድ በአንድ መቀባት ያዙ። አንድ ሠራተኛ በቀን የሚያዳርሰው ከ5 እስከ 10 ዛፍ ነበር። የቀን ሠራተኛ ክፍያ ሲወደድ ብዙዎች አፕሉን ነቅለው ፕለምና ሌላ ተከሉ።

ብቻውን ለተተከለው ዛፍ ግን መላ አለ፤ መንቀልም አያስፈልግም። አብሮት የሚያብብ የሌላ ዝርያ ቅርንጫፍ ራሱ ላይ ግራፍት ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ዛፍ ሁለት ዝርያ ይሸከማል። የተጣበቀው ቅርንጫፍ እስኪያብብ ጥቂት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያው ድረስ ከጎረቤት ያበበ ቅርንጫፍ ለምኖ፣ ውሃ ባለበት ባልዲ ነክሮ ዛፉ ሥር ማኖር፣ አበባውም እስኪረግፍ ከርጭት መታቀብ ነው።